በመቃብሩ በኩል ያለው ግብ

ዲኒ ወተቱን ከኩባያው ጎን ጠረጴዛው ላይ ቀዳው። እንደ ወትሮው ሞላ አድርጎ ቀድቶ ሲያበቃ ጠርሙሱን በጥንቃቄ አስቀመጠና ማንኪያውን አነሳ። ሚስቱ ኖሪን ጨርቅ አምጥታ ጠረገች፤ ኩባያውንም ወስዳ ወተት ጨምራ መለሰችለት። ወንድሟ ፋክትና ክሮውሊ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጋዜጣ የሚያነብ መሰለ። ጋዜጣው የትናንት ነበር፤ የገለጠውም የሟቾችን ስም የያዘውን ገጽ ነው። በዚያች ወጥ ቤት ሦስት ሰው ከተቀመጠ ማቀዝቀዣውን ለመክፈት አንዱ መነሳት አለበት፤ እንዲህ ተጠጋግቶ ተቀምጦ አላየሁም ማለት አይቻልም። ቢሆንም ሦስቱም አላየንም አሉ። ዲኒ ሻዩን ጠጥቶ ጣፈጠኝ አለ፤ ኖሪን ዝናቡ ሳይጀምር አይቀርም አለች፤ ፋክትናም የማያውቀውን አንድ ሟች ስም ጠርቶ «ይሄ የወደብ ሠራተኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ፋክትና ከሰኞ እስከ ዓርብ በኮርክ ከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ እሁድ እሁድ ሀርሊንግ የሚባለውን የዱላና የኳስ ጨዋታ በዳኝነት ያጫውታል። ፊሽካ ከያዘ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በእኛ አገር የመሐል ዳኛ አራቱን የግብ ዳኞች የሚያመጣው ከራሱ ዘመድ ወዳጅ መርጦ ነው። የውድድሩ ቦርድ አይመድብለትም፤ ወንድሙን፣ አማቹን፣ የሥራ ባልደረባውን መኪናው ላይ ጭኖ፣ ነጭ ጋዋን አልብሶ፣ በየግቡ ሁለት ሁለት አድርጎ ያቆማቸዋል። ይህን ስነግረው «ነውር አይደለም ወይ?» ያለኝ እንግዳ አጋጥሞኛል። ዝናብ ላይ ቆሞ ለመሰደብ ከዘመድ በቀር ማን ይመጣል? ዲኒ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከፋክትና ጋር ነው። የመኪና ፋብሪካው ተዘግቶ ሥራ ከፈታ ወዲህ ደግሞ ያቺ ነጭ ጋዋን ከቤት የምታስወጣው አንዲት ምክንያት ሆናለታለች። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መሐል ካለፈች ነጭ ባንዲራ ያነሳል፤ አንድ ነጥብ ነው። ከአግዳሚው በታች ከገባች አረንጓዴ ባንዲራ ያነሳል፤ ሦስት ነጥብ ነው። ወደ ውጭ ከሄደች ሁለት እጁን ይዘረጋል። ሥራው ይኸው ነው፤ ዓይን ይፈልጋል እንጂ ሌላ ምንም አይፈልግም።

ፋክትና መኪናውን ሲያስነሳ ኖሪን የተተኮሱትን ጋዋኖች በመስኮት አቀበለችው። ዲኒ ገና ከበሩ ላይ ኮፍያውን በእጁ እየዳበሰ ይፈልግ ነበር።

«ሳምንቱን ሙሉ ሲያፏጭ ነው የሰነበተው» አለች።

«ደስ ይላል።»

«ኮንን ከጎኑ አቁምልኝ።»

«ሁልጊዜም ከጎኑ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ዛሬም ለማለት ነው።»

አንድ ነገር ልትጨምር ከንፈሯን አላቀቀች። ፋክትናም እንድትጨምር ፈልጎ ነበር፤ ነገሩ ከእሷ አፍ ቢወጣለት ይገላገል ነበር። በፋሲካ ማግስት ዲኒ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ የማያውቀው ሰው መኪና ውስጥ ገብቶ ቀበቶ ሲያስር አይቶታል። ያን ዕለት ሁሉም ሳቀ፤ ራሱ ዲኒም ሳቀ። ፋክትና ግን መሪውን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሳቁ አልመጣለትም። «ዛሬ ነገ እነግረዋለሁ» እያለ መስከረም ደረሰ። አሁንም እህቱ ከንፈሯን መልሳ ገጠመችና መኪናውን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ ሸኘችው።

በመንገድ ላይ ኮንን ጫኑት። ኮን የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነው፤ ወፍራም፣ ፈሪና ደግ። የቀሩት ሁለቱ የግብ ዳኞች በራሳቸው መኪና ይመጣሉ። ኮን ከነዳጅ ማደያው ዶሮ በዳቦ ገዝቶ ገባና ገና በሩን ሳይዘጋ ማማረር ጀመረ። «ስድስት ዩሮ ከሃምሳ! ለዶሮዋ ነው ወይስ ለተዝካሯ?» ዲኒ ከፊት ወንበር ሳቀ። «አንተ ልጅ፣ አንተ እንኳን ለዶሮዋ፣ ለላባዋም ትከፍላለህ» አለው። «ዛሬ ብቻ አቻ እንዳይወጡ እንጂ» አለ ኮን አፉ ሞልቶ። ድሮ ጨዋታ አቻ ካለቀ ሰው በሰላም ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ በሳምንቱ ይደገማል፣ ያልሰከነው ይሰክናል፣ የተጎዳው ይድናል፣ ዳኛውም ነፍሱ ይመለስለታል። አሁን አሸናፊው እዚያው በዕለቱ ይለይ ተባለ። ተጨማሪ ሰዓት ይጫወታሉ፤ ያም ካልለያቸው አምስት አምስት ሰው መርጠው ከስልሳ አምስት ሜትር መስመር ላይ በየተራ ይመታሉ። የዓመት ልፋት በአንዲት ምት ይታረዳል፤ ቢላዋውን የሚይዘውም ባንዲራ ያዡ ነው።

ዛሬ ደግሞ ከሌላው ቀን የተለየ ነበር። የተመልካቾች መቀመጫ ላይ ሚስተር ትዊሚ የሚባሉ የዳኞች ገምጋሚ ሰሌዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ፤ ፋክትና ከሳቸው ከመቶው ሰማንያ አምስት ካገኘ የዘንድሮውን የከተማ ፍጻሜ ያጫውታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቃት ጨዋታ ናት። ጉልበቱ አልቋል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሩጫ ፈተናውን እንደማያልፍ ከሱም ከሐኪሙም የተሰወረ አይደለም። ዘንድሮ ካመለጠችው አመለጠች።

የሚጋጠሙት ጎብናይቶችና ሳንዲሂሎች ናቸው፤ አንዱ ኮረብታ ላይ፣ ሌላው ከኮረብታው ሥር ያለ ሰፈር፤ በጋብቻ የተሳሰሩ፣ በሀርሊንግ ግን የማይፋቀሩ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? ይህ ተረት እኛ ዘንድ አልደረሰም። እኛ ዘንድ ቄሱም ይቆጣሉ። ሜዳው በአንድ ጎኑ ጣራ ያለው መቀመጫ አለው፤ ከወዲያ ጫፍ ካለው ግብ ጀርባ ደግሞ የድሮ መቃብር አለ። ፋክትና ዲኒንና ኮንን በመቃብሩ በኩል አቆማቸው። እዚያ ሰው ስለማይበዛ ስድቡ ይቀንስላቸዋል ብሎ ነው፤ ለራሱ የሰጠው ምክንያት ይህ ነበር። ዝናቡ ከመጀመሪያው ፊሽካ ጋር ወረደ። ያለው ሰው ሁሉ ጣራው ሥር ተሸጎጠ፤ በመቃብሩ በኩል ከሙታኑ በቀር ተመልካች አልቀረም።

በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ የጎብናይቶቹ አሥራ ሁለት ቁጥር ከጥጉ አካባቢ ኳሷን በዱላው ጠልዞ ሰቀላት። ኳሷ ከፍ ብላ በዲኒ ቋሚ በኩል አለፈች። ፋክትና ሩቅ ነበር፤ ዝናቡም ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ዲኒ ለአፍታ ቆመ። አንገቱን ትንሽ ዘንበል አደረገ፤ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ ወጥታለች። አሥራ ሁለት ቁጥሩ ራሱን ያዘ። ሙርት የሚባለው የጎብናይቶች አሠልጣኝ ከመስመሩ ዳር እየዘለለ «ገብታለች! በመሐል ነው ያለፈችው! ዳኛዬ፣ እባክህ ሰውዬህን ጠይቀው!» ሲል ጮኸ። ፋክትና ወደ ኮን ተመለከተ። ኮን ጫማውን ያይ ነበር። ዳኛ በጥርጣሬ አይሽርም፤ ስለዚህ ደብተሩ ላይ ምንም ሳይጽፍ ጨዋታውን አስቀጠለ።

የተቀረውን በደንብ አጫወተ ይሉታል፤ ያዩት ሁሉ መስክረውለታል። ሁለት ቢጫ ሰጠ፤ ጣቱ የተሰበረ አንድ ተጫዋች አስወጣ፤ ሙርትንም አንድ ጊዜ በጣቱ ብቻ ወደ ቦታው መለሰው። መደበኛው ሰዓት ሲያልቅ አሥራ ዘጠኝ ለአሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ተጨማሪው ሲያልቅ ሃያ ሦስት ለሃያ ሦስት። ጉልበቱ ያብጥ ጀመር፤ ሱሪው እግሩ ላይ ተጣብቋል። ሳንቲም ወረወረ፤ የሚመታበት ግብ የመቃብሩ ሆነ። በዚህ መሐል ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ሰው ሁሉ ከጣራው ሥር ወጥቶ ወደዚያ ግብ ጀርባ ፈሰሰ። ከፊት የተሰለፉት ጎብናይቶች ናቸው፤ ሴቱ ወንዱ የመቃብሩ አጥር ላይ ወጥቷል።

ሳንዲሂሎች ከአምስቱ አራቱን አስገቡ። ጎብናይቶች አራት መትተው ሦስት አገቡ። የመጨረሻዋን ሊመታ የመጣው ያው አሥራ ሁለት ቁጥር ነው፤ ካገባ እኩል ሆነው ይቀጥላሉ፣ ከሳተ ዓመቱ አለቀ። ፋክትና ከጀርባው ቆመ። ልጁ ኳሷን በዱላው አንስቶ መታት፤ ድምጿ ንጹሕ ነበር። ገና አየር ላይ እያለች ከግቡ ጀርባ ያለው ሕዝብ በአንድ አፍ ጮኸ። ኳሷ ግን ወደ መጨረሻው አካባቢ ወደ ቀኝ ዘመም አለች፤ ከዲኒ ቋሚ በውጭ በኩል አንድ ክንድ ያህል ርቃ አለፈች። ፋክትና ልክ በመስመሯ ላይ ስለነበረ እንደ ቀን አያት። ልጁም አያት፤ ዱላውን ጥሎ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለ። ያን ጊዜ ዲኒ ነጩን ባንዲራ አነሳ።

ሜዳው ተናጋ። ጎብናይቶች እየተቃቀፉ ወደቁ፤ ልጁም ያላመነውን ደስታ ይዞ ተነሳ። ፋክትና ስልሳ አምስቱን ሜትር በእግሩ ሄደ። ሮጦ መድረስ ይችል ነበር፤ አልሮጠም። ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም፤ የግብ ዳኛ ያለውን ተቀበለ ይባላል፣ ደንቡም ይፈቅዳል። ከሻረው ደግሞ ዘጠኝ መቶ ሰው ፊት የእህቱን ባል ሊያዋርደው ነው። ይህን እያሰበ ሲደርስ ዲኒ ባንዲራውን እንዳነሳ ፈገግ ብሎ ቆሞ ነበር።

«ዲኒ፣ አይተሃታል?»

«ገብታለች።»

«አይተሃታል ወይ ነው ያልኩህ።»

የዲኒ ፈገግታ ትንሽ ቆየና ጠፋ። ዓይኑ ፋክትና ላይ ሳይሆን ከትከሻው ወዲያ ነበር።

«ጮኹ እኮ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ፋክትና፣ ጮኹ እኮ።»

ፋክትና ወደ ሌላው ቋሚ ዞረ። «ኮን?»

«በሱ በኩል ነው ያለፈችው...»

«ኮን!»

«ወጥታለች» አለ ኮን፤ እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረውም።

ፋክትና ወደ ሕዝቡ ዞሮ ሁለት እጁን ዘረጋ። ጩኸቱ ከአንድ ወገን ወደ ሌላው ሲገለበጥ ጆሮ ያሳምም ነበር። ሳንዲሂሎች ሜዳውን ሞሉት፤ ሙርት ኮፍያውን ጭቃ ላይ ረገጠ። ዲኒ ባንዲራውን ገና እንዳነሳ ቀርቷል፤ ክንዱን ይዞ ያወረደለት ኮን ነው።

የዳኞቹ ክፍል ከመቀመጫው ሥር ያለች፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ የማትሠራ ማሞቂያ ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ሚስተር ትዊሚ ሳያንኳኩ ገቡ። «ዘጠና አንድ» አሉ ሰሌዳቸውን እያሳዩት። «በዚህ ዓመት ከዘጠና በላይ አልሰጠሁም። የገዛ አማቹን የሚሽር ዳኛ! ደረጃ ማለት ይህ ነው። ፍጻሜው ያንተ ነው፤ ባንዲራውን ብቻ ለሌላ ሰው ስጥ።» ዲኒ እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሰውየው አላዩትም ወይም ለማየት አልፈለጉም። የሪፖርቱን ቅጽ አስቀምጠው፣ ውጭ እጠብቅሃለሁ ብለው ወጡ።

ፋክትና እስክርቢቶውን አነሳና አስቀመጠ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ቃል ተነግሮት አንዲት የደስታ ጠብታ እንኳ አላገኘም። የሚያሳስበው የመጨረሻዋ ኳስ አልነበረችም፤ እሷን አይቶ ፈርዷል።

«ዲኒ፣ ከረፍት በፊት ያቺ የአሥራ ሁለት ቁጥሩ ኳስ...»

«ሰዉ ዝም አለ» አለ ዲኒ። «ማንም አልጮኸም። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ አልጮኹም። ስለዚህ ወጥታለች አልኩ።»

«ሰው ሁሉ ጣራ ሥር ነበር እኮ።»

«ይህንን እኔ በምን ልወቅ?»

ፋክትና ኮንን አየው። ኮን ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ «በመሐል ነው ያለፈችው» አለ። «አንጀቴ እያረረ ነው ዝም ያልኩት። ምን ልበል? ኖሪን አታጋልጠው ብላ ለምናኝ ነበር።» ከዚህ በኋላ ሒሳቡን ሕፃንም ይሠራዋል። ያቺ ነጥብ ብትቆጠር ኖሮ ጎብናይቶች በመደበኛው ሰዓት በአንድ ነጥብ አሸንፈው ነበር፤ አቻ አይኖርም፣ ተጨማሪ ሰዓት አይኖርም፣ ያ ልጅም ጭቃ ላይ ቁጢጥ አይልም። ፋክትና በትክክል የሻራት ኳስ የተዘረፈ ሰው ላይ የተጨመረች ሁለተኛ በደል ሆነች፤ ዘጠና አንድ ያገኘውም በሷ ነው።

መጻፍ ጀመረ።

«ስሜን ትጽፋለህ?» አለ ዲኒ።

«የግድ ነው።»

«አትጻፍ። ዓይኔን አመመኝ ብዬ ነገ እተወዋለሁ። ማንም ሳያውቅ እተወዋለሁ። አንተም ፍጻሜህን ታጫውታለህ፣ እኔም ቤቴ እቀመጣለሁ። ጎብናይቶች እንደሆኑ በየዓመቱ ያለቅሳሉ፣ ልማዳቸው ነው።» ሊቀልድ ሞከረ። ከዚያ፣ «እንግዲያው የጻፍከውን ልስማ» አለ።

ፋክትና አነበበለት። በመቃብሩ በኩል የቆመው የግብ ዳኛ ኳስ ማየት አይችልም፤ በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ የጎብናይቶች ነጥብ ያለ አግባብ ተሽሯል፤ ውጤቱ የታመነ ስላልሆነ ጨዋታው ይደገም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። «ይህን እኔ ዳኛው አስቀድሜ አውቅ ነበር።»

«ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ።»

ዲኒ ጣቶቹን በጉልበቱ ላይ አንድ በአንድ ዘረጋቸው። ውጭ ሳንዲሂሎች ይዘፍኑ ነበር፤ አንዱ በሩን በዱላ ደብድቦ አለፈ።

«እኔ ባንዲራውን ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ» አለ። «አንተ ግን ምን ፈርተህ ነው ዝም ያልከው?»

እኔስ ለአንተ አዝኜ ነው ማለት ቀላል ነበር፤ ፋክትናም ስድስት ወር ሙሉ ለራሱ ሲለው የኖረው ይህንኑ ነው። አሁን ግን አልወጣለትም። «አዲስ ሰው ሳስገባ በገምጋሚ ፊት ይበላሽብኛል ብዬ» አለ። «ዘንድሮ ብቻ ይለፍልኝ ብዬ ነው፣ ዲኒ። ይቅር በለኝ።» ይቅር በለኝ ለሚል ሰው ወዲያው እሺ የሚባለው በመጽሐፍ ብቻ ነው።

ሚስተር ትዊሚ ወረቀቱን ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህ ከገባ የሰጠሁህም ነጥብ ይሰረዛል፣ ይገባሃል?»

«ይገባኛል።»

«ቦርዱ ጨዋታውን ያስደግመዋል። ማጫወቱን ግን እርሳው። ፍጻሜውንም፣ ሌላውንም።»

«ለቦርዱ ይስጡልኝ፣ ሚስተር ትዊሚ።»

ሰውየው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ሊጨብጡት እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ ደግሞ መልሰው ሰሌዳቸውን ያዙበት። ፋክትና ወደ ክፍሉ ሲመለስ ዲኒ ጋዋኑን አውልቆ በሩ ላይ ቆሞ አገኘው። ከክፍሉ ወደ ግቢው የሚያወርድ የሲሚንቶ ደረጃ አለ፤ ርጥብ ነበር። ዲኒ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ደረጃ ወጥቶ ወርዷል፤ አንድም ቀን የሰው እጅ ጠይቆ አያውቅም።

«ክንድህን ስጠኝ» አለ። «ምን ያህል ነው ደረጃው?»

«አምስት።»

«ቀስ በል እሺ። እየቆጠርክ።»

ፋክትና ጮክ ብሎ እየቆጠረ አወረደው። ኮን ቦርሳዎቹን ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል። ከታች ጎብናይቶች መኪናቸው ጋ ተሰብስበው ነበር፤ ስለ ወረቀቱ ገና ምንም አልሰሙም። አንዲት ሴት፣ የአሥራ ሁለት ቁጥሩ እናት ሳትሆን አትቀርም፣ የተዘጋ ጃንጥላ እንደ ዱላ ይዛ ከመሐላቸው ወጣችና መንገዱን ዘጋችው። ፊቷ በልቅሶ አብጧል።

«አንተ ዕውር!» አለችው ፋክትናን። «ዕውር ዳኛ! ልጄን ገደልከው!»

ፋክትና አፉን ከፈተ። ክንዱን የያዘው እጅ ግን ጠበቅ አደረገው፤ ዲኒ ድምፁ ወደመጣበት አንገቱን መለስ አደረገ።

«እሱ ያያል፣ እመቤቴ» አለ። «ዕውሩ እኔ ነኝ።»